የነዳጅ ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ ታሪፉ ለምን ሳምንታት ይፈጃል?

ግልጽ ደብዳቤ
የነዳጅ ዋጋ ለሚወስኑ፣ የትራንስፖርት ታሪፍ ለሚያወጡና ማደያዎችን ለሚቆጣጠሩ ኃላፊዎች ሁሉ
ከባሕር ዳር

ክቡራን ሆይ፣

ከባሕር ዳር ተነስቼ በሐሙሲት፣ በወረታና በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ናፍጣ፣ እሱ ቤንዚን እንቀዳለን፤ ስለዚህ የዋጋ ለውጥ በተሰማ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ይመዘናሉ፤ እናታችን ደግሞ ከሁለታችን የማን እንደባሰ ትጠይቃለች። ነዳጅ ለምን ተወደደ ብዬ ልከራከራችሁ አልተነሳሁም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማስረዳት ግን ትንሽ ታገሡኝ።

አገራችን የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ ከውጭ እንደምትገዛ፣ የምትገዛውም በዶላር እንደሆነ እናውቃለን። ቦቴው ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን አልፎ፣ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶና ወርዶ ጣና ዳር እስኪደርስ የሚፈጀውን ወጪም ድካምም ከእኛ በላይ የሚረዳ የለም፤ እኛም መንገድ ላይ ውለን የምናድር ሰዎች ነን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚያ ጊዜ የነዳጅ ዋጋ ባለበት ይቆያል ብሎ የጠበቀ ሹፌር አላውቅም። ጎማውም፣ የሞተር ዘይቱም፣ የፍሬን ሸራውም ነዳጁን ተከትለው ወጥተዋል። የእኛ ነዳጅ ከጎረቤት አገሮች ሲረክስ በድንበር በኩል እንደሚሾልክም ሰምተናል፣ አይተናልም። ይህን ሁሉ ተቀብለን ነው መሪ የምንጨብጠው።

እስቲ ቁጥሮቹን እናስታውስ። የታለመ የነዳጅ ድጎማ በተጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማ ለማያገኙ ተሽከርካሪዎች አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ገባ። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ፣ ታኅሣሥ ሊወጣ ሲል፣ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ ወዲህም ጭማሪው አልቆመም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። በ2014 ናፍጣ ከቤንዚን ይወደድ እንደነበር፣ በ2017 ደግሞ ቤንዚን እንደበለጠው ልብ በሉ። ስለዚህ "ነዳጅ ጨመረ" ተብሎ ለሁሉም ተሽከርካሪ አንድ ዓይነት ጭማሪ መተመን አይቻልም፤ የናፍጣ ሚኒባስና የቤንዚን ባጃጅ የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው።

ያንን ሒሳብ እዚሁ እንሥራው፤ ረጅም አይደለም። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ የናፍጣ ሚኒባስ ይህን መንገድ ሲሄድ፣ ከወረታ በኋላ ያለው ሽቅብ ተጨምሮበት፣ 11 ሊትር ያህል ያቃጥላል እንበል። በመስከረሙና በታኅሣሡ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሊትር 8 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። በ11 ሊትር ሲባዛ 95 ብር ከ70 ሳንቲም ይመጣል። ይህን ለ12 ተሳፋሪ ብናካፍለው ለአንድ ሰው 8 ብር እንኳ አይሞላም።

ስምንት ብር! ለመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ!

የባጃጁንም እንየው። አንድ ባጃጅ በአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የ10 ብር ከ33 ሳንቲሙ ጭማሪ በኪሎ ሜትር 41 ሳንቲም ያህል ነው። አራት ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ላይ ሦስት ሰው ቢጫን በአንድ ተሳፋሪ ላይ የሚያርፈው 55 ሳንቲም ብቻ ነው። ሳንቲም ከኪስ ከጠፋ ስለቆየ ወደ አንድ ብር እናጠጋጋው። አንድ ብር ነው እንግዲህ።

ታዲያ ማስታወቂያው በወጣ ማግስት መናኸሪያችን ጦር ሜዳ የሚመስለው፣ ሕዝቡ እኛን እንደ ዘራፊ የሚያየን፣ እኛም ማታ ባዶ እጃችንን የምንገባው ለምንድን ነው? ይህን የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ ብዬ ነው። የሚጎዳን በማስታወቂያው ላይ ያለው ጭማሪ ራሱ አይደለም። የሚጎዳን ሁለት ክፍተት ነው፤ አንዱ በነዳጁ ዋጋና በታሪፉ መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት፣ ሌላው በማደያው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ዋጋና እኛ በእውነት በምንከፍለው ዋጋ መካከል ያለው የብር ክፍተት። ሁለቱም በእናንተ እጅ ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ልናገር። የነዳጅ ዋጋ ክለሳ ማታ ይነገራል፤ ጠዋት ማደያው በአዲሱ ዋጋ ይሸጣል። ታሪፉ ግን "ጥናት እየተደረገበት ነው" እየተባለ ሳምንታት ይቆያል። በነዚያ ሳምንታት ሹፌሩ የሚከተለው ሕግ የለውም። በአሮጌው ታሪፍ ቢጭን በየምልልሱ ከኪሱ ይጨምራል። በራሱ ፈቃድ ቢጨምር ደግሞ ከታሪፍ በላይ አስከፍለሃል ተብሎ ይቀጣል። መካከለኛ መንገድ ስለሌለ እያንዳንዱ ረዳት የራሱን ታሪፍ ያወጣል፤ ያኔ ስምንት ብር ሃያ ይሆናል፣ ከዚያም ሃምሳ። የሚጠይቀው ልኩን ስለማያውቅ ነው፤ የሚከፍለውም ልኩን ስለማያውቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኛ መካከል ይህን ክፍተት የሚናፍቁ አሉ። የዋጋ ጭማሪ ሲባል ፊታቸው የሚፈካ፣ በአንድ ሳምንት የወር ገቢ የሚሰበስቡ አሉ። እነዚህን አልደግፍም፤ ሙያችንን ያሰደቡት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሜዳውን የሚያመቻችላቸው የታሪፉ መዘግየት ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ከሐሙሲት ተሳፍረው ባሕር ዳር ሊወርዱ ነው። ረዳቱ የጠየቃቸው ከለመዱት በላይ ነበር። "ልጄ፣ ባለፈው ስመጣ እኮ ይህን ያህል አልነበረም" አሉት። "እማማ፣ ነዳጅ ጨምሯል" አላቸው። እሳቸውም "ስንት ጨመረ?" ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። መቀነታቸውን ፈቱና የተጠቀለለውን ብር አንድ በአንድ እየዘረጉ ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ፤ የጎደለውን አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት ሞላላቸው። የእኚህ እናት ጥያቄ ከሁላችንም ጥያቄ ይበልጣል። ስንት ጨመረ? ይህን መመለስ የነበረበት ረዳቱ ብቻ አይደለም። መናኸሪያው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ እሳቸው ማንበብ ባይችሉ እንኳ ያ ወጣት ያነብላቸው ነበር።

ክፍተቱ በቆየ ቁጥር ሹፌሩ የሚኖርበትን መላ ይፈልጋል፤ መላዎቹ ደግሞ አንዳቸውም ለሕዝብ ደኅንነት አይበጁም። ትርፍ ይጭናል፤ በ12 ሰው ወንበር ላይ 18 ሰው ይደረድራል። ወንበር እስኪሞላ ሰዓታት ይቆምና የባከነውን ጊዜ በፍጥነት ለማካካስ ይሞክራል። መስመር ያቆራርጣል፤ ከዓባይ ማዶ ቀበሌ 14 ድረስ መሄድ ያለበት ገበያ ላይ "እዚህ ነው መጨረሻው" ብሎ ያወርዳል፤ ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ ያራዝማል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ የሚደረገው ነው። ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ አንዳንዱም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልቁለቱን መንከባለል። ጥቂት ናፍጣ ይተርፋል፤ ግን በሞተር ጉልበት መያዝ የነበረበት ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም። ሞተሩ ከጠፋማ መሪውም ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደድራል። ለጥቂት ሊትር ናፍጣ ሲባል የሰው ነፍስ ቁልቁለት ላይ ይለቀቃል። የትራፊክ ፖሊስ ይህን በቅጣት ብቻ አያቆመውም፤ ሹፌሩ በሕጋዊው ዋጋ ሠርቶ የሚገባበት ስሌት ሲኖረው ነው የሚቆመው።

ወደ ሁለተኛው ክፍተት ልለፍ፤ ይህኛው ይበልጥ የሚያንገበግብ ነው።

የዋጋ ክለሳ ወሬ መናፈስ ሲጀምር፣ ገና ማስታወቂያ ሳይወጣ፣ ማደያዎች "አልቋል" ማለት ይጀምራሉ። የማንንም ማደያ ስም አላነሳም፤ ነገሩም የአንድ ማደያ አይደለም። ትናንት ቦቴ ሲያራግፍ በዓይናችን ያየንበት ማደያ ዛሬ ገመድ ይዘረጋል። ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ገመዱ ይነሳና ነዳጁ ይገኛል፤ በአዲሱ ዋጋ። በአሮጌው ዋጋ የተገዛ ነዳጅ በአዲሱ ሲሸጥ ልዩነቱ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያን ቀን የተሰለፈ ሹፌር የሥራ ቀኑን ያጣል፣ ማግስቱን ደግሞ ከፍ ባለ ዋጋ ይቀዳል።

ወንድሜ ቤንዚን ለመቅዳት ከሌሊቱ ጀምሮ ወረፋ ይይዛል። ባጃጁ የእሱ አይደለችም፤ ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ገቢው ደግሞ ሰልፍ አያውቅም። ግማሽ ቀን ተሰልፎ የዋለበትም ቀን፣ ሙሉ ቀን የሠራበትም ቀን የሚያስገባው እኩል ነው። ስለዚህ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ የሚቀረው አንድ አማራጭ ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን። ዋጋው አንዳንዴ የማደያው እጥፍ ነው፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ። ቅድም ያሰላናት 55 ሳንቲም እዚህ ጋ ድራሿ ይጠፋል። በሰሌዳው ዋጋ ሒሳብ ሠርቶ ታሪፍ ያወጣ ባለሙያ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን በዚያ ዋጋ ቤንዚን የሚያገኘው ባጃጅ ስንት እንደሆነ አልጠየቀም።

ያ የሃይላንድ ቤንዚን ንጹሕ ቢሆን እንኳ መልካም ነበር። ወንድሜ ከገዛው ላይ ጥቂቱን በብርጭቆ አድርጎ ብርሃን ላይ ያየዋል። ከሥር ውሃ ካቋረ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ይመልሰዋል፣ ሻጩ ከተቀበለው። ማታ ማታ ሲሆን ግን ብርሃን የለም። ካርቡራተሩ በቆሻሻ ይዘጋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ባጃጇ ሰው ጭና መንገድ መሐል ትቆማለች። የጥገናውን ዋጋ ማን ይከፍላል? መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው ነው፤ በታሪፍ ውስጥ ሳይጻፍ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት የኤሌክትሮኒክ መንገዶች እንዲሆን ተደርጓል። ሰሌዳ ቁጥሬን አስመዝግቤያለሁ፤ ስቀዳ የት፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደቀዳሁ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ቦቴው ሲጫን ስንት ሊትር እንደያዘና ለየትኛው ማደያ እንደተላከም ሰነድ አለው። እንግዲያውስ ወደ ማደያው የገባውንና ለተሽከርካሪዎች የተሸጠውን ማነጻጸር ምን ያህል ይከብዳል? ሰኞ ቦቴ ያራገፈ ማደያ ማክሰኞ አልቋል ካለ፣ በመካከሉ የተመዘገበው ሽያጭ ይህን ያረጋግጣል ወይም ያጋልጣል። መረጃው ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ የሚቀረው ወስዶ ማየት ነው። ለእኛ ለሹፌሮች ብቻ የሚበራ መብራት እንዳይሆን፣ በነዳጁ መንገድ ሁሉ ይብራ።

በተለይ የምለምናችሁ በክለሳው ዋዜማ ማታ በእያንዳንዱ ማደያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነዳጅ እንዲለካ ነው። መለኪያው ዘንግ እዚያው አለ። ተለክቶ ይጻፍ፣ በሁለት ወገን ይፈረም። በአሮጌው ዋጋ የገባው እስኪያልቅ በአሮጌው ዋጋ ይሸጥ፤ ወይም ልዩነቱ ለሕዝብ ጥቅም ይዋል። ይህ ቢደረግ ነዳጅ ደብቆ ማቆየት ትርፍ የለውም፤ ትርፍ ከሌለው ደግሞ ገመድ የሚዘረጋ አይኖርም።

ስለ መንገዱ ሁኔታ፣ መንገድ ሲዘጋ ቦቴ እንደሚቀር፣ እኛም ቆመን እንደምንውል ብዙ ማለት ይቻላል። ይህ የሚፈታበት ቦታ ሌላ ስለሆነ እዚህ አላስረዝመውም። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ "ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩ" የሚል ምክር እንሰማለን። መቀየሩን አልጠላም፤ ለናፍጣ ከመሰለፍ ነፃ የሚያወጣኝን ሁሉ እወዳለሁ። ነገር ግን ደብረ ታቦር ደርሼ ስመለስ የት ቻርጅ እንደማደርግ፣ የባንኩን ብድር በምን ዋስትና እንደማገኝ የሚነግረኝ እስኪመጣ ድረስ ያለችኝ ይህችው የናፍጣ መኪና ናት።

ስለ ሐይቁ ሰዎች ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ከእኛ ይልቅ የተረሱት እነሱ ናቸው። ነዳጅ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ጎማ ያለውን ነው። ጣና ላይ ግን ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ደቅ ደሴትና ሌሎች የሐይቁ ዳርቻዎች የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች አሉ። አብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ቤንዚን ነው የሚጠጡት፣ ከዘይት ጋር ተደባልቆ። ለደቅ ነዋሪ ጀልባው ታክሲውም፣ የጭነት መኪናውም፣ አምቡላንሱም ነው። ምጥ የያዛት ሴት በጀልባ ነው የምትመጣው፤ የታመመ ሕፃንም እንዲሁ፤ ዱቄትና ጨው የሚሄደውም በዚያው ነው።

ጀልባ ማደያ ድረስ አይመጣም። ነዳጁ ነው በጄሪካን ወደ ጀልባው መሄድ ያለበት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ግን፣ የነዳጅ ሕገ ወጥ ንግድን ለመግታት፣ በበርሜልና በጄሪካን የሚደረግ ሽያጭን አጥብቋል። ዓላማው ትክክል ነው፤ በሃይላንድ የሚሸጠው ነዳጅ የሚወጣውም በዚያው በጄሪካን በኩል ነው። ነገር ግን ሰሌዳ የሌለው፣ ቀጂው "ታርጋህ ስንት ነው?" ሲለው የሚመልሰው የሌለው ባለጀልባ ምን ያድርግ? የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ደብዳቤው ሲገኝ ነዳጁ የለም፤ ነዳጁ ሲመጣ የደብዳቤው ጊዜ አልፎበታል። በመጨረሻ እሱም እንደ ወንድሜ ወደ መንገድ ዳር ሻጭ ይሄዳል። ልዩነቱ ባጃጅ በመጥፎ ቤንዚን ብትቆም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ መሄዱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ሲናወጥ መሐል ጣና ላይ ሞተር የጠፋበት ጀልባ ተሳፋሪ ግን የሚወርድበት የለውም።

ለዚህ ከባድ መፍትሔ አያስፈልግም። ጀልባዎቹ ይመዝገቡ፤ እያንዳንዱ ጀልባ ጎኑ ላይ በጉልህ የተጻፈ ቁጥር ይኑረው፤ ያ ቁጥር እንደ ተሽከርካሪ ሰሌዳ በክፍያ ሥርዓቱ ውስጥ ይግባ። ነዳጅ የሚወስድበት መያዣም ያው ቁጥር የተቀባበት ጠንካራ የብረት መያዣ ይሁን፣ ከዚያ ውጭ አይቀዳለት። በየምልልሱ ርቀት ልክ የሳምንት መጠን ይወሰንለት። ያኔ ሕጉም አይጣስም፣ ደቅ ያለችው ነፍሰ ጡርም አትቀርም። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕም ያው ችግር አለበት። የፓምፕ ቤንዚን ሲጠፋ ማሳው ይደርቃል፤ የሽንኩርት ዋጋ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰው ጭነት አመላላሹን አይሱዙ ይረግማል። ለፓምፕ ባለቤቶችም የሚሆነው ይኸው ምዝገባ ነው።

አሁን ወደ ታሪፉ ልመለስ፤ ዋናው ልመናዬ እዚያ ነው። የታሪፍ ቀመር አንድ ጊዜ ይሠራ፣ ለሁልጊዜ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ተሽከርካሪ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ጎማና ዘይት ምን ያህል እንደሚይዙ ባለሙያ፣ የማኅበራት ተወካዮችና ተሳፋሪዎች ባሉበት ይወሰን። አስፋልቱና ኮረኮንቹ፣ ሜዳውና ሽቅቡ ይለያይ። ከዚያ በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲለወጥ አዲሱን ቁጥር ማስገባት ብቻ ይበቃል፤ ቀሪውን ማንኛውም ካልኩሌተር ይሠራዋል። ቅድም እኔ የሠራሁት የመኪናዬ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዋጋ ሲቀንስም ቀመሩ ወደ ታች ይሥራ፤ እኛ የምንፈልገው ሲጨምር ብቻ የሚንቀሳቀስ ታሪፍ አይደለም። ነዳጅ ሲረክስ ለተሳፋሪው ብሩን መመለስ የሚከብደው ሹፌር ሲወደድ ጨምሩልኝ የማለት መብት የለውም፤ ይህን ለባልደረቦቼም በየመናኸሪያው እላቸዋለሁ።

ቀመሩ ከተሠራ በኋላ በየመናኸሪያው በር፣ በየባጃጅ መቆሚያው፣ በየመኪናው ውስጥ ይለጠፍ። በአንድ በኩል የነዳጁ ዋጋ፣ በሌላ በኩል የየመስመሩ ታሪፍ፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከዘንዘልማ፣ ከሰባታሚት፣ ከሽምብጥ የሚነሳው ሁሉ። ተሳፋሪው ከረዳቱ ጋር የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ አይኖርም። ከዚያ በላይ ያስከፈለ ሹፌር ይቀጣ፤ እኔም ባደርገው ልቀጣ። ተራ አስከባሪዎችም የሚሰበስቡት ገንዘብ ስንት እንደሆነ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ እሱም ከተሳፋሪው ኪስ ነው የሚወጣው።

የነዳጅ ዋጋ የሚታወጀው በአንድ ማታ ነው። በዚያው ማታ፣ ማደያው አዲሱን ዋጋ ሰሌዳው ላይ ከመጻፉ በፊት፣ የየመስመሩ ታሪፍ አብሮ እንዲታወጅ እንጠይቃለን። ስሌቱን ለማዘጋጀት የሚረዳ ሰው ካስፈለገ የየመንገዱን ርቀት፣ የየመኪናውን ፍጆታና የወጪ ደረሰኞቻችንን ይዘን በጠራችሁን ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ዳር – ደብረ ታቦር መስመር የሚኒባስ ሹፌር